ኦፌልያ «አይ» ያለች ቀን

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሰማያዊ ሸሚዝ፣ የፀጉር መረብና የጆሮ መድፈኛ ሰጡኝ። መድፈኛውን የሰጠችኝ ሴት በስፓኒሽ ብዙ ነገር አስረዳችኝ። እኔም ያለችው እንዳልገባኝ፣ ሰዋስው ሳላጓድል፣ በእንግሊዝኛ አስረዳኋት። ሁለታችንም ተከባብረን ካበቃን በኋላ ሳቀችና መድፈኛውን በገዛ እጇ ጆሮዬ ውስጥ ከተተችው። ኦፌልያ ትባላለች።

ደሴ ውስጥ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ዲቪ ደርሶኝ ከልጄ ከቤቲ ጋር ዳላስ ስገባ፣ ሌላ ሌላው ቢቸግረኝ ቋንቋ አይቸግረኝም እያልኩ ነበር። እንዲያውም ትንሽ ጉራ ነበረብኝ። ቪከሪ ሜዶ በሚባል ሰፈር በተከራየነው አፓርታማ ከእኛ በላይ ሄኖክ የሚባል ወጣት ይኖር ነበር፤ የአንድ ላውንደሪ የጭነት መኪና ይነዳል። ሥራውን ያገኘልኝ እሱ ነው። «ቲቸር፣ ዝም ብለው አፕላይ ያድርጉ» አለኝ፤ «ማለቴ፣ እርስዎ እንግሊዝኛ አለዎት፣ ሶ ቶሎ ሊድ ያደርጉዎታል።»

ሄኖክ ያልነገረኝ ነገር ቢኖር፣ እዚያ ሕንፃ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚነገረው ከቢሮው በር ወዲያ ብቻ መሆኑን ነው። ከበሩ ወዲህ ሬዲዮው፣ ቀልዱ፣ ጠቡ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ ሳይቀር ስፓኒሽ ነው። አሜሪካ ደርሼ በማግስቱ ሌላ አገር የገባሁ መሰለኝ። ጠዋት ጠዋት ካርድ መትቼ ስገባ ድንበር የማቋርጥ ያህል ይሰማኝ ነበር።

ላውንደሪው የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ ያጥባል። ቆሻሻው በአንድ በር ይገባል፣ ንጹሑ በሌላው በር ይወጣል። እኔ የተመደብኩት አይረነር ላይ ነው። አይረነር ማለት በእንፋሎት የሚግሉ ሦስት ትልልቅ ሮለሮች ያሉት መተኮሻ ነው። ፊት ለፊት ሁለት ፊደሮች ይቆማሉ፤ የእርጥቡን አንሶላ ጫፍና ጫፍ ይዘው ወጥረው ያጎርሱታል። አንሶላው ሮለሮቹን አልፎ ደርቆና ታጥፎ በጀርባ በኩል ይወጣል፤ እዚያ ደግሞ የሚደረድር ሰው አለ። ከፊደር በላይ የቡድን መሪው፣ ሊድ፣ አለ፣ ከሊድ በላይ ሱፐርቫይዘር፣ ከሁሉም በላይ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ሮይ።

ፊደርነትን ያስተማረችኝ ኦፌልያ ናት። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ አጭር፣ ደንደን ያለች ሴት ነበረች። እጇ አንሶላ ሲይዝ ጫፉን አይፈልግም፤ ጫፉ ራሱ ወደ እጇ የሚመጣ ይመስላል። እኔ አንዱን አንሶላ ሳስተካክል እሷ ሦስት ታጎርሳለች። ስሳሳት ክንዴን መታ ታደርገኝና እጄን ይዛ ታሳየኛለች። አስተማሪ እንደነበርኩ ሄኖክ ነግሯቸው ስለነበር ሁሉም «ማኤስትራ» ይሉኝ ነበር፤ መምህርት ማለት ነው። በአንሶላ ጫፍ የምትበልጠኝ ሴት መምህርት ስትለኝ ደስ ብሎኝ እቀበል ነበር።

እኔ ስፓኒሽ ለመማር አልሞከርኩም። ይህን ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል። እነሱ እንግሊዝኛ አለመማራቸውን ግን እንደ ስንፍና እቆጥረው ነበር። በዕረፍት ሰዓት ናፕኪን ላይ ፊደል እየጻፍኩ አንሶላ ማለት የሆነውን «ሺት» የሚለውን ቃል በረዥሙ እንዲጠሩት አሠለጥናቸው ነበር፤ ካጠረ ስድብ ይሆናል። በሳቅ ይሞታሉ። በሳቃቸው መሃል ስለ እኔ የሚባለውን አንድም ቀን አልሰማሁም።

የለቀምኳቸው ጥቂት ቃላት ነበሩ። «ሄንቴ» ሰው ነው። «አትራስ» ከኋላ። «ቦልሳ» የንጹሕ ልብስ መጠቅለያ ላስቲክ። «ሲ» እሺ። በእነዚህ ስምንት ወር ኖርኩ።

ላስቲኩ ብዙ ጊዜ ያናድደኝ ነበር። «ቦልሳ?» ብዬ ስጠይቃቸው አንዳንዴ «ኖ አይ» ይሉኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ «አይ» ብቻ። ሁለቱም እምቢታ ነው ብዬ መጋዘን ድረስ ሄጄ አዲስ ጥቅል አመጣለሁ። ስመለስ እግራቸው ሥር የተከመረ ላስቲክ አያለሁ። እያላቸው የሚከለክሉኝ ክፉዎች ናቸው ብዬ ለሄኖክ አማኋቸው። እነሱም እኔን እያዩ ግራ ይገባቸው ነበር። ኦፌልያ አንድ ቀን ጥቅሉን አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝና ራሷን ነቀነቀች። ይሉኝታ ይዟት ነው አልኩ።

በስምንተኛው ወር የአይረነሩ ሊድ ለቆ ሄደ። ሚስተር ሮይ ቢሮው አስጠራኝ። ቴክሳስ ተወልዶ ያደገ፣ ቀይ ፊት ያለው፣ ሰው ላይ የማይጮኽ ሰው ነበር። ሥራዬን አመሰገነና ከሴቶቹ ጋር መግባባት እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ስፓኒሽ ትናገሪያለሽ ወይ፣ አለኝ።

የመለስኩለትን አስታውሳለሁ። «የቋንቋ መምህርት ነኝ» አልኩት። እውነት ነው። እሱም በዕረፍት ሰዓት ከሴቶቹ ጋር ስስቅ አይቶኝ ነበርና የቀረውን ራሱ ሞላው። በዚያው ሳምንት ሰማያዊውን ሸሚዝ አውልቄ ግራጫውን የሊድ ሸሚዝ ለበስኩ። ለእህቴ ፎቶ ላክሁላት።

ሊድ ከሆንኩ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሚስተር ሮይ የቀኑን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ይነግረኛል፤ እኔ ለሴቶቹ አስተላልፋለሁ። ያስተላለፍኩት እንግሊዝኛውን ነው፤ ቀስ አድርጌ፣ መጨረሻው ላይ «ኦ» ጨምሬ። ሴቶቹ ይተያያሉ። ያኔ ኦፌልያ የትእዛዝ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የሆቴል ስምና ቁጥር ታይና በሁለት ቃል ታስረዳቸዋለች። ሚስተር ሮይ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ሁሉም ወደየቦታው ሲሄድ ያያል፤ አውራ ጣቱን ያነሳልኛል። ኦፌልያ ምንም እንደማልችል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቅ ነበር። ለማንም አልተናገረችም።

መኪናዬ የተበላሸ ጊዜ ለሦስት ሳምንት በፒካፗ ያመላለሰችኝም እሷ ነች። ቪከሪ ሜዶ መንገዷ አልነበረም። መንገድ ላይ የምናወራው ስለሌለን ሬዲዮውን ትከፍታለች። አንዳንዴ በጣቷ የሆነ ነገር ታሳየኝና ስሙን ትነግረኛለች፤ ድልድይ፣ ዝናብ፣ ውሻ። እኔ እሰማና እረሳዋለሁ።

ኦፌልያ የኤጀንሲ ሠራተኛ ነበረች። የኤጀንሲ ሰው ማለት በሌላ ድርጅት በኩል የመጣ፣ ነገ አትምጣ ሊባል የሚችል፣ ኢንሹራንስ የሌለው ማለት ነው። ሁለት ዓመት እንደዚያ ሠርታለች። ባሏ ስኳር አለበት፤ ፐርማነንት ከሆነች ኢንሹራንሱ እሱንም ይይዛል። ሚስተር ሮይ በወሩ መጨረሻ እንደሚያስፈርማት በእኔ በኩል ነግሯት ነበር። ያንን ለማስተላለፍ ቋንቋ አላስፈለገኝም፤ «ፐርማነንት» የሚለውን ቃል ሁሉም ያውቀዋል። ሁለት እጄን ይዛ አለቀሰች። በማግስቱ በወተት የራሰ ኬክ ጋግራ አመጣችና ቆራርሳ ለሁላችንም አከፋፈለች።

አደጋው የደረሰው ወሩ ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። አንድ አንሶላ መሃለኛው ሮለር ላይ ተጠመጠመ። ይህ በሳምንት ሁለት ሦስቴ የሚያጋጥም ነገር ነው። ደንቡ የታወቀ ነው። ማሽኑ ይቆማል። ሊዱ የራሱን ቀይ ቁልፍ ማብሪያው ላይ ይቆልፋል። አንድ ሰው በጀርባ በኩል ገብቶ የተጠመጠመውን ያላቅቃል። ሲያበቃ ሊዱ በእግሩ ዞሮ ጀርባውን በዓይኑ አይቶ፣ ከዚያ ቁልፉን ያነሳል።

የዚያን ዕለት ሆስፒታሉ አንሶላ አስቸኩሎን ነበር። ማሽኑን አቆምኩ። ቁልፌን አልቆለፍኩም፤ ወገቤ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሌሎችም ሊዶች እንደዚያ ያደርጉ ነበር ማለት ይቻላል፤ ግን እኔ ስለ ሌሎች አልተጠየቅሁም። ኦፌልያ በጀርባ ገባች። ፊት ለፊት የቀረችው ሌላዋ ፊደር ሉፔ ነበረች።

ትንሽ ቆይቶ ጀርባው ጸጥ ያለ መሰለኝ። ከፊት ሆኜ፣ ጣቴን አዝራሩ ላይ አድርጌ፣ «ሄንቴ አትራስ?» ብዬ ጮኽኩ። ሰው አለ ከኋላ፣ ማለቴ ነው።

«አይ፣ አይ» አለች ኦፌልያ።

አዝራሩን ተጫንኩት።

ቀጥሎ የሰማሁት ጩኸት በየትኛውም ቋንቋ አንድ ነው። ሉፔ ዘላ የአደጋ ማቆሚያውን መታችው። ሮለሩ ከሩብ ዙር በላይ አልዞረም ይሆናል። የኦፌልያ ቀኝ እጅ ግን በአንሶላውና በጋለው ብረት መሃል ገብቶ ነበር። ስናወጣው አየሁት። እዚህ ላይ አልዘረዝረውም። ውሃ አፈሰስንበት፣ አምቡላንስ ተጠራ። እሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ወደ እኔ እያየች የሆነ ነገር ደጋግማ ትለኝ ነበር። እኔ «ሲ፣ ሲ» እላት ነበር።

ከሰዓት በፊት ሚስተር ሮይ የአደጋ ሪፖርት ፎርም ሰጠኝ። ፎርሙ በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚጻፈውም በእንግሊዝኛ ነው። ከማብራቴ በፊት ጠይቄያት እንደሆነ ጠየቀኝ። ጠይቄያታለሁ አልኩት። ምን አለችሽ፣ አለኝ። የለም አለችኝ፣ አልኩት። ይህን ስል አልዋሸሁም። «አይ» ያለችውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ሊዷ ከጀርባ ሰው መኖሩን ጠይቃለች፤ ሠራተኛዋ ማንም እንደሌለ መልሳለች። ስለ ቁልፉ የሚጠይቀው ሳጥን ውስጥ «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ያቺ ግን ውሸት ናት።

በዚያው ቀን ቤቲን ከትምህርት ቤት ላመጣ ሄድኩ። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ትምህርት ቤቷ ግማሹን ቀን በስፓኒሽ ያስተምራል። መኪናውን አላስነሳ ስል አይታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። እዚያው ነገርኳት። ጠየቅኋት፣ አይ አለችኝ፣ ከዚያ ለምን እጇን እንዳላወጣች አላውቅም፣ አልኳት።

«ማሚ፣ በስፓኒሽ ነው የጠየቅሽው?» አለች።

«አዎ፣ ሄንቴ አትራስ ብዬ።»

«ሶ፣ አይ ብላለች? ማሚ፣ አይ እኮ የለም ማለት አይደለም። አይ ማለት አለ ማለት ነው። ሰው አለ ብላሻለች።»

«ኖ አይ ሲሉስ?» አልኳት።

«እሱ የለም ነው።»

መኪናው ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ቆሞ ነበር። ከኋላዬ ያለች ሴት ጡሩምባ ነፋችብኝ። ላስቲኩ ሁሉ ትዝ አለኝ። አለ ሲሉኝም የለም ሲሉኝም እኔ የሰማሁት በአማርኛ ነበር። ቤቲ ክንዴን ይዛ፣ «ትነግሪያቸዋለሽ አይደል?» አለችኝ። እነግራቸዋለሁ አልኳት።

ረቡዕ አልነገርኩም። ሐሙስ አልነገርኩም። ለራሴ ምክንያት አበዛሁ። ተሳሳትኩ ካልኩ ስፓኒሽ እንደማልችል ይታወቃል። ስፓኒሽ እንደማልችል ከታወቀ ሊድነቱ ይሄዳል። ቁልፉን እንዳልቆለፍኩ ከታወቀ ደግሞ ሥራውም ይሄዳል። እኔ ልጅ ብቻዬን አሳድጋለሁ፣ እሷ ባል አላት፣ አልኩ። ስኳር ያለበትን ባሏን ለእኔ ምክንያት አደረግሁት።

ዓርብ ጠዋት ቢሮ ተጠራን። ሚስተር ሮይ ከጠረጴዛው ወዲያ፣ ኦፌልያ ከወዲህ፣ እኔ ከጠረጴዛው ጎን። ኦፌልያ እጇ እስከ ክርኗ ተጠቅልሎ ነበር። ፊቷ ቢጫ ሆኗል። ንጹሕ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ነበር የመጣችው። ያስቀመጡኝ እንዳስተረጉም ነው። ሉፔም ምስክር ነበረች፤ ግን እሷ ብትጠራም ቃሏ የሚያልፈው በእኔ አፍ ነበር፤ አልተጠራችም።

ሚስተር ሮይ ሪፖርቱን አነበበና የምትለው ነገር እንዳለ እንድጠይቃት ነገረኝ። ወደ እሷ ዞርኩ። እጇንና ወረቀቱን በጣቴ አሳየኋት። ቀስ ብላ፣ ለልጅ እንደሚነገር አድርጋ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች መለሰችልኝ።

«ዮ ዲሄ ኬ አይ። ማኤስትራ፣ ዮ ዲሄ ኬ አይ።»

አለ ነው ያልኩት። መምህርት፣ አለ ነው ያልኩት። በሕይወቴ ሰምቼ ሙሉ በሙሉ የገባኝ የመጀመሪያው የስፓኒሽ ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር።

«ምን አለች?» አለኝ ሚስተር ሮይ።

«ሶሪ ነው የምትለው» አልኩት። «ይቅርታ ትጠይቃለች።»

ሚስተር ሮይ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። ለእሷ አዝኖ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ፎርሙን ወደ እሷ ገፋውና የምትፈርምበትን ቦታ አሳያት። ኦፌልያ ወረቀቱን ሳይሆን እኔን አየችኝ። ከዚያ በግራ እጇ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ እያጣመመች ስሟን ጻፈች።

ስብሰባው እንዳለቀ ወደ ማሽኔ ተመለስኩ። ሥራ ስናበቃ እንደወትሮው በፊት በር አልወጣሁም። በቆሻሻው ልብስ በር፣ በጋሪዎቹ መሃል አልፌ፣ በጭነት ማራገፊያው በኩል ዘልዬ ወረድኩ። መኪናዬን ያቆምኩት ጠዋት አስቤበት በዚያ በኩል ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኤጀንሲው ኦፌልያን ቦታው እንዳበቃ ነገራት። ፐርማነንት የሚባለው ነገር ቀረ። የእሷ ቦታ ላይ ሌላ ሴት መጣች። ሉፔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማኤስትራ ብላ ጠርታኝ አታውቅም፤ ሊድ ትለኛለች። ሌሎቹም ተከተሏት። እንግሊዝኛ ያስተማርኩባቸው የዕረፍት ሰዓቶች በዚያው ቆሙ። ሰሌዳውን አንብቦ የሚያስረዳላቸው ሰው ስለሌለ አንድ ሳምንት ሙሉ የአንዱን ሆቴል ልብስ ለሌላው ላክን። ሚስተር ሮይ የአዲሷ ፊደር ጥፋት ነው አለ። እኔም አላረምኩትም።

ቤቲ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችኝ። ነገርሻቸው ወይ፣ አለች። አዎ አልኳት። ከዚያ ወዲህ እሷ ስለሥራዬ አትጠይቀኝም፤ ያመነችኝ አይመስለኝም።

በዚያው ዓመት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በነጻ የሚሰጥ የስፓኒሽ ትምህርት ጀመርኩ። «አይ» የሚለው ቃል የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ነው። አስተማሪዋ ሰሌዳ ላይ ጽፋ፣ ወንበር አለ፣ መስኮት አለ፣ ሰው አለ እያለች ስታስደግመን ደብተሬን ዘጋሁ። ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ተመለስኩ። አራት ዓመት ተማርኩ። ሱፐርቫይዘር ሆንኩ። ከሴቶቹ ጋር በስፓኒሽ መጣላትም መታረቅም ቻልኩ። ቁልፍ ሳይቆለፍ አንድም ማሽን አላስነካሁም፤ በዚህ ጥብቅ ነች ተብዬ ታማሁ። እኔ የማውቀውን አያውቁም።

ሚስተር ሮይ ጡረታ ሊወጣ ሲል ቢሮው ገብቼ ነገርኩት። ስለ ቃሉም፣ ስለ ቁልፉም፣ ስለ ዓርቡም። መነጽሩን አውልቆ ሰማኝ። ከዚያ ያ ፋይል ከተዘጋ ብዙ ጊዜው ነው አለኝ። ካሉኝ ሊዶች አንቺን የሚያህል አልነበረም፣ አለኝ። እንዲቆጣኝ ነበር የፈለግሁት። ጨብጦኝ ሸኘኝ።

ኦፌልያን ለመፈለግ ከዚያም በኋላ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አድራሻዋን ሉፔ ታውቅ ነበር፤ የሚያስቸግረው መጠየቁ ነበር። እኔም ጡረታ ወጥቼ ከቤቲ ጋር ከዳላስ ወጣ ብላ ባለችው ዋይሊ ከተማ አዲስ ከተሠሩት ቤቶች አንዱ ውስጥ መኖር ስጀምር፣ አንድ ቀን ለሉፔ ደወልኩ። እስክጨርስ ሰማችኝና የአንድ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ስም ነገረችኝ። ከቤቴ በመኪና ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ አላውቅም።

ሱቁ ጠባብ ነው። በር ላይ ቃጭል አለ። ኦፌልያ ከስፌት ማሽኑ ጀርባ ተቀምጣ የሱሪ ጫፍ ታጥፍ ነበር። ፀጉሯ ሸብቷል። ጨርቁን የምትገፋው በግራ እጇ ነው፤ የቀኙ ሦስት ጣቶች አይታጠፉም፣ እንደ ማበጠሪያ ጨርቁ ላይ ተጭነው ይቀመጣሉ። ቀና ብላ አየችኝ። አወቀችኝ። ማኤስትራ አላለችኝም።

በስፓኒሽ አዘጋጅቼ የመጣሁትን ተናገርኩ። ያኔ ቋንቋውን እንዳልቻልኩ፣ ቁልፉን እንዳልቆለፍኩ፣ ዓርብ ዕለት ግን ያለችው ገብቶኝ እንደነበር፣ ገብቶኝ እያለ ሌላ ነገር እንዳልኩ። ቃላቱ ትክክል ነበሩ። የግሦቹን ጊዜ ሳይቀር አልሳትኩም። እስክጨርስ ድረስ መርፌውን አቁማ ሰማችኝ።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ያልሽውን። ሶሪ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። በዚህ አገር ጽዳት የሠራ ሰው መጀመሪያ የሚማረው እሱን ነው።»

ያን ሁሉ ዓመት እንዳልገባት አድርጌ ነበር የማስበው። ያታለልኳት መስሎኝ አፍር ነበር፤ እሷ ግን አልተታለለችም ነበር። እያወቀች ነው የፈረመችው።

«ለምን ፈረምሽ ታዲያ?»

«በምን ቋንቋ እምቢ ልበል? አፌ አንቺ ነበርሽ።» ጨርቁን አዙራ ደረበችው። «ተሳስታለች፣ ስንወጣ ታስረዳኛለች አልኩ። ፒካፑ ውስጥ ሆኜ በሩ ላይ ጠበቅሁሽ። እስከ ሥራ መውጫ፣ በአንድ እጄ መሪ ይዤ።»

«በኋላ በር ወጣሁ» አልኳት።

«ከግቢው ስትወጪ አየሁሽ» አለችኝ።

ቃጭሉ ተንቃጨለና አንዲት ሴት የሠርግ ቀሚስ አቅፋ ገባች። ኦፌልያ ወደ እሷ ዞረች። ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት ነበር የመጣሁት፤ እሱን አላልኩም። ሴትየዋ ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፣ ኦፌልያም በማይታጠፉት ጣቶቿ ጠርዙን እየዳሰሰች ትለካ ጀመር። ቦታው ጠባብ ስለነበረ ወጣሁላቸው።

ዛሬ ሊድ የሚሆኑ ወጣቶች፣ ከአገር ልጆችም ከሌሎችም፣ ምክር ሲጠይቁኝ ሁለት ነገር እነግራቸዋለሁ። ቁልፋችሁን ቆልፉ፣ ዞራችሁም በዓይናችሁ እዩ። ቋንቋውን ትችላላችሁ ወይ ስትባሉ ደግሞ ካልቻላችሁ አልችልም በሉ። ሦስተኛውን አልነግራቸውም፤ እዚህ ልጻፈው። አንድ ቃል ባለማወቄ ሰው ጎድቻለሁ፣ ለእሱ አዝናለሁ። የማፍረው ግን ቃሉን ካወቅሁ በኋላ ባልኩት ነው።